ሐምሌ ሲጠቁር፦ በጎጃም የከባድ ዝናብና የጎርፍ ትንበያን እንዴት እንመዝን? ዝርዝር መመሪያ

ልጅ ነበርኩ፤ ወሩ ሐምሌ ነው። ከደብረ ማርቆስ ገበያ ስንመለስ ጨሞጋ ወንዝ ዳር ደረስን። በላያችን ያለው ሰማይ ወለል ብሏል፤ ከጠዋት ጀምሮ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንዲት የሰፈራችን እናት ጨውና ነጭ ጋዝ የጫነች አህያቸውን እየነዱ ሊገቡ ሲሉ አባቴ ከኋላ ጮኸ፦ «ኧረ እቴ ተይ፣ ተመለሽ! ውሃው ተለውጧል!» ሴትዮዋ ቀና ብለው ፀሐዩን አዩና ግራ ገባቸው። ጠዋት ስንሻገረው ከጉልበት በታች የነበረው ውሃ ግን የጠላ አተላ መስሎ ቅጠልና ገለባ ይዞ ይወርድ ጀምሯል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የምንረግጣቸው ድንጋዮች ሁሉ ጠፉ። እስኪመሽ ዳር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።

ዝናቡ ወንዙ ከሚነሳበት ጮቄ ተራራ ላይ ጥሎ ነበር፤ እኛ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ዛሬ ስልካችን ላይ የዝናብ ትንበያ ስናይ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እንደዚያች እናት ነው፤ ያለንበትን ከተማ ብቻ እናያለን። ጎርፍን የሚወስኑት ግን ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ራስጌ ያለው ተራራ ላይ ስንት ጣለ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ ጣለ፣ መሬቱ ከዚያ በፊት ምን ያህል ጠግቦ ነበር። ትንበያው የመጀመሪያዎቹን ሁለት በግምት ይነግራችኋል። ሦስተኛውን ራሳችሁ ካልለካችሁ የሚነግራችሁ የለም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ወንዝ ዳር ለሚያርስ፣ ከአባይ በረሃ ወዲያና ወዲህ መኪና ለሚነዳ፣ ደግሞም በየቤቱ «እስኪ ስልኩን እየው፣ ነገ ይዘንባል?» ለሚባለው ልጅ ነው።

መጀመሪያ ቃሉን፣ ሰዓቱንና ቀኑን ማስተካከል

የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ነው። በማሽን የተተረጎሙ የአየር ሁኔታ አፖችና ገጾች ግን የፈረንጆቹን የታኅሣሥና የጥር ብርድ ወቅት «ክረምት» ይሉታል፤ ያ ለእኛ በጋ ነው። ስለዚህ «የክረምት ማዕበል» የሚል ነገር ስታነቡ የየት አገርና የየትኛው ወር እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትደንግጡ፤ ለሌላም አታስተላልፉ።

ሰዓቱም እንዲሁ ያሳስታል። አፑ 15:00 ካለ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው፤ 21:00 ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። 6 ቀንሱ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ደግሞ ቀንሱ። አፑ 6 ወይም ከዚያ በታች ካለ ግን 6 ደምሩ። አንዳንድ የባለሙያ ካርታዎች ግን የሚጠቀሙት ዓለም አቀፉን የግሪንዊች ሰዓት ነው፤ የእኛ ከዚያ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በግሪንዊች 12:00 የተባለ ዝናብ ለእኛ 15:00፣ ማለትም ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በዚህ ተምታቶባቸው ማታ የተባለውን ዝናብ ለቀን የጠበቁ ሰዎች አውቃለሁ።

የአሥር ቀን መግለጫም ቢሆን «የነሐሴ የመጀመሪያ አሥር ቀናት» ሲል ነሐሴ የእኛው ይሁን የፈረንጁ ኦገስት ቀኑን እዩ። የሜትዮሮሎጂ አሥር ቀኖች የሚቆጠሩት በፈረንጅ ወር ነው፤ ከእኛ ወር ጋር አንድ ሳምንት ገደማ ይዛነፋሉ።

ደረጃ 1፦ ራስጌያችሁን እወቁ

ወረቀት አውጡና ቤታችሁን፣ ማሳችሁን ወይም የምትሻገሩበትን መልካ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወንዙን ወደ ላይ ተከተሉት። የትኞቹ ጅረቶች ይገቡበታል? ከየትኛው ጋራ ይነሳል? የስልክ ካርታ የመሬት ከፍታ ሲያሳይ ይረዳል፤ ከካርታው ይልቅ ግን ከብት ሲያግዱ ያደጉ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ካርታ ላይ የሌለችውን በሐምሌ ብቻ የምትፈስ ሸለቆ ያውቋታል።

በጎጃም አብዛኛው መልስ ወደ ጮቄ ያደርሳችኋል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ ሁሉም የጮቄ ልጆች ናቸው። ጫፉ 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ የአባይ ሸለቆ ደጀን በታች ወደ 1,000 ሜትር ዝቅ ይላል። ውሃው ይህን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር ርቀት ነው የሚወርደው፤ ወንዞቻችን በድንገት የሚሞሉት ለዚህ ነው። ወተት አባይ ወይም ጣና ዳር ያላችሁ ደግሞ ራስጌያችሁ ሰከላ ነው፤ ግልገል አባይ ግሽ አባይ ተነስቶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። መራዊ ያላችሁ ቆጋን፣ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ ላህን ተከተሉ።

አሁን አፑን ክፈቱና ከራሳችሁ ከተማ በተጨማሪ ራስጌ ላይ ሁለት ነጥቦችን አስቀምጡ፤ አንዱ ከተራራው ጫፍ አጠገብ፣ ሌላው በመካከል። ከዚህ በኋላ በየቀኑ የምታነቡት የእነዚህን ትንበያ ነው። የከተማችሁ ትንበያ ልብስ ለማስጣት ይሆናችኋል።

ውሃው ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅም አስሉ። በተዳፋት ወንዝ የጎርፍ ውሃ በሰከንድ ከ1 እስከ 3 ሜትር ይሄዳል ብንል፣ 15 ኪሎ ሜትር ራስጌ የጣለ ዝናብ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ባለ ጊዜ ይደርሳችኋል። ያቺ ሰዓት የእናንተ ናት፤ ተጠቀሙባት።

ደረጃ 2፦ የወቅቱን ትንበያ ልኩን አውቆ ማንበብ

የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምት ከመግባቱ በፊት የወቅቱን ትንበያ ያወጣል። ትንበያው በሦስት ይከፈላል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለእያንዳንዱ በመቶኛ ዕድል ይሰጣል። ምንም መረጃ ባይኖር ኖሮ ለእያንዳንዱ 33 በመቶ ገደማ ይደርሰው ነበር። ስለዚህ ለምሳሌ «45፣ 35፣ 20» የሚል ካያችሁ፣ ከመደበኛ በላይ የሚሆንበት ዕድል ከፍ ብሏል፤ እርግጠኛ ግን አልሆነም፤ ከ10 እንዲህ ካሉ ዓመታት በ2ቱ ከመደበኛ በታች ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ኤልኒኞ የተባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ሲኖር የሰሜኑ ክረምት የመድከም አዝማሚያ አለው፤ የ2007ን ደካማ ክረምት አስታውሱ። ላኒና፣ ማለትም የዚያው ውቅያኖስ መቀዝቀዝ፣ ሲሆን ደግሞ የመጠንከር። ይህም አዝማሚያ ነው።

አንድ ስሕተት ግን ላሳስባችሁ፦ «መደበኛ» ማለት ጎርፍ የለም ማለት አይደለም። ባሕር ዳር በሐምሌ ወር ብቻ ወደ 400 ሚሊ ሜትር ታገኛለች፤ መደበኛው ራሱ ብዙ ነው። ወሩ በሙሉ ከመደበኛ በታች ሆኖ በአንዲት ማታ የጣለ 60 ሚሊ ሜትር ድልድይ ሊወስድ ይችላል። የወቅት ትንበያ ዘር ለመምረጥና ቦይ ቀድሞ ለመጥረግ ይጠቅማል፤ ነገ ወንዝ ለመሻገር አይጠቅምም።

ደረጃ 3፦ ከ3 እስከ 7 ቀን፤ አንድ ትንበያ አትመኑ

ዊንዲን የመሰሉ አፖች የተለያዩ የትንበያ ሞዴሎችን (አየሩን በኮምፒውተር የሚያሰሉ ሥርዓቶችን) ጎን ለጎን ያሳያሉ፤ የአውሮፓው፣ የአሜሪካው፣ የጀርመኑ እያሉ። ለጮቄ ነጥባችሁ ሁሉንም ክፈቱና የየቀኑን ሚሊ ሜትር በወረቀት ላይ አስፍሩ። ሦስቱም ለሐሙስ ከ25 በላይ ካሉ ነገሩን በቁም ነገር ያዙት። አንዱ 50፣ ሌላው 5፣ ሦስተኛው 12 ካለ ትንበያው ገና አልበሰለም፤ ነገ ተመልሳችሁ እዩት። ትልቁን ቁጥር መርጦ መደንገጥም፣ ትንሹን መርጦ መተኛትም ስሕተት ነው።

የአውሮፓው የትንበያ ማዕከል አንዱን ትንበያ መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ 51 ጊዜ ያሰላዋል። ከ51ዱ 40ው ከባድ ዝናብ ካሉ አንድ ነገር ነው፤ 6ቱ ብቻ ካሉ ሌላ። ለጎርፍ ግን 6ቱንም አትናቁ፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 8 ላይ ታገኙታላችሁ።

ሌላው ምልክት የትንበያው ጽናት ነው። ሰኞ ስታዩት ለሐሙስ 30 ያለው፣ ማክሰኞ 35፣ ረቡዕ 32 ካለ ጸንቷል። ሰኞ 40፣ ማክሰኞ 8፣ ረቡዕ 28 እያለ የሚዋዥቅ ከሆነ ቁጥሩን ትታችሁ ሰማዩን ጠብቁ።

እነዚህ ሞዴሎች ዓለምን በ9 ወይም በ13 ኪሎ ሜትር ካሬዎች ከፍለው ነው የሚያስቡት። በአንድ ካሬ ውስጥ ጋራውም ሸለቆውም አማካይ ሆኖ ይገባል። ለዚያ ነው ዝናቡ አንዱን ቀበሌ አጥቦ ጎረቤቱን ሳይነካ ሲያልፍ አፑ ለሁለቱም እኩል 12 ሚሊ ሜትር ብሎ የሚገኘው። ለአካባቢው የተባለውን አማካይ በአንዱ ጥግ እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ሆኖ ሊወርድ እንደሚችል አስቡ።

የመብረቅና የደመና ሥዕሉን ደግሞ እርሱት። በሐምሌና በነሐሴ አፑ ለጎጃም በየቀኑ ያንኑ ሥዕል ያስቀምጣል፤ በየቀኑ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ጆሮ ያደነቁራል። ቁጥሩን አንብቡ።

ደረጃ 4፦ በመቶኛውና ሚሊ ሜትሩ

«የዝናብ ዕድል 70 በመቶ» ማለት ቀኑን 70 በመቶ ይዘንባል ወይም 70 በመቶው አገር ይዘንብበታል ማለት አይደለም። እንዲህ ካሉ 10 ቀናት በ7ቱ እናንተ ያላችሁበት ቦታ ዝናብ ያገኛል ማለት ነው። ስንት እንደሚጥል አይናገርም፤ ካፊያም ይቆጠራል። ስለዚህ በመቶኛውን ከሚሊ ሜትሩ ሳትለዩ አንብቡ።

1 ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የጣለ ዝናብ በአገራችን መግለጫዎች ከባድ ዝናብ ይባላል። 40 ሚሊ ሜትር ጣለ እንበል። ባለ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ቤታችሁ ጣሪያ ላይ 2,000 ሊትር ወረደ፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል 10 ይሞላል። ይኸው ዝናብ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ራስጌ ላይ ቢጥል 4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ግማሹ ወደ መሬት ሰርጎ ግማሹ በ5 ሰዓት ውስጥ ቢወርድ ወንዙ በሰከንድ 111 ሜትር ኩብ ይሸከማል። የቁጥሩን ክብደት እንዲህ በበርሜል ስታዩት ነው ልብ ውስጥ የሚገባው።

40 ሚሊ ሜትሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ከወረደና በ45 ደቂቃ ከተዘረገፈ ውጤቱ ሌላ ነው። አፑ በየሰዓቱ የሚያሳይ ከሆነ ድምሩን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን በአገራችን ልክ ማረም

ተራራው አካባቢ ያለው ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐይ ጠዋት መሬቱን አሙቃ ደመናው ይቆለልና ከ8 ሰዓት በኋላ ይለቃል። ጣና ዳርና ባሕር ዳር ላይ ግን ዝናቡ የሌሊት ነው፤ ሐይቁ ሌሊት ከዙሪያው መሬት ስለሚሞቅ ነፋሱ ወደ ሐይቁ ይሰበሰባል፤ ደመናውም እዚያው ይነሳል። የባሕር ዳር ሰው ጠዋት ተነስቶ እርጥብ አስፋልት ማየት የለመደው ለዚህ ነው።

ሞዴሎቹ በዚህ ረገድ የታወቀ ጉድለት አለባቸው፤ የከሰዓቱን ዝናብ ብዙ ጊዜ ቀድመው እኩለ ቀን አካባቢ ያወርዱታል፤ አንዱንም ኃይለኛ ዝናብ በሰፊው ቀጭን አድርገው ይበትኑታል። አፑ ጮቄ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ይዘንባል ብሎ 9 ሰዓት ድረስ ካልዘነበ «አለፈ» ብላችሁ እንዳትነሱ። ከበታች ያለ ወንዝ የሚሞላው ደግሞ ከዚያም በኋላ፣ ጨለማ ሲሆን ነው።

ደረጃ 6፦ መሬቱ ስንት ጠግቧል? በሃይላንድ ለኩት

በዚህ መመሪያ ውስጥ አንዱን ብቻ ሥሩ ብትሉኝ ይህን ነው የምላችሁ። በሰኔ መጀመሪያ የጣለ 40 ሚሊ ሜትርና በነሐሴ የጣለ 40 ሚሊ ሜትር አንድ አይደሉም። በሰኔ ጥቁር አፈራችን በፀሐይ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው፤ ውሃውን ይጠጣዋል። ሐምሌ ላይ አፈሩ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጥለው ውሃ በላዩ ይንሸራተታል። ዋልካ የሚያርስ ሁሉ ይህን በእግሩ ያውቀዋል። ቀይ አፈር የተሻለ ያሰርጋል፤ እሱም ግን ከሳምንታት ዝናብ በኋላ ይሞላል።

ስለዚህ ያለፉትን 10 ቀናት ዝናብ መያዝ አለባችሁ። መሣሪያው 2 ሊትር ሃይላንድ ነው፤ ጎኑ ቀጥ ያለውን ምረጡ። አንገቱ መስፋት ከሚጀምርበት ዝቅ ብላችሁ፣ ቀጥ ያለው ጎን ላይ ቁረጡና የላይኛውን ክፍል ያለክዳኑ ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ ክተቱት። ሥሩ ጎርበጥባጣ ስለሆነ ጠጠር ጨምሩና ቀጥ ያለው ጎን እስከሚጀምርበት ውሃ ሙሉት፤ እዚያ ላይ በማይለቅ ቀለም መስመር አስምሩ፤ ዜሮ ነው። ከዜሮው ወደ ላይ የተማሪ ማስመሪያ ለጥፉ። 1 ሚሊ ሜትር በማስመሪያው 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው፤ ሌላ ስሌት አያስፈልግም።

ከእንጨት ጋር ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት፤ ከዛፍና ከቤት ቢያንስ የቁመታቸውን እጥፍ ያህል አርቁት። ባሕር ዛፍ ሥር የተሰቀለ መለኪያ ሐሰት ይናገራል። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንብቡ፤ የሜትዮሮሎጂ ጣቢያዎቻችንም የ24 ሰዓቱን ዝናብ የሚያነቡት በዚያው ሰዓት ነው፤ ከእነሱ ጋር ማወዳደር ይቀላችኋል። ካነበባችሁ በኋላ ውሃውን እስከ ዜሮው መስመር መልሱት። ፀሐይ በዋለበት ቀን ከዜሮ በታች ከወረደ ሙሉት።

ደብተሩ ላይ በየቀኑ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ የቀኑን ዝናብና ያለፉትን 10 ቀናት ድምር። ጎን ለጎን ወንዙ እንዴት እንደዋለ በአንድ ቃል፦ ጎደለ፣ ሞላ፣ ከመሻገሪያ በላይ ሆነ። በአንድ ክረምት ውስጥ የራሳችሁን ልክ ታገኛላችሁ። ለምሳሌ ድምሩ ከ80 በታች ሳለ 25 ሚሊ ሜትር የማያስቆጣው ወንዝ፣ ድምሩ 150 ካለፈ በኋላ በ15 ብቻ ሲሞላ ልታዩ ትችላላችሁ። ይህን ልክ ማንም ከውጭ መጥቶ ሊሰጣችሁ አይችልም፤ እያንዳንዱ ወንዝ የራሱ አለው።

ፈሰሱንም አትርሱ። የላይኛው ገበሬ ማሳውን ለማጠንፈፍ በተዳፋቱ ያወጣው ፈሰስ ውሃውን ወደ ታችኛው ማሳ ያፋጥነዋል። በመንደሩ ፈሰስ ከወጣ በኋላ ያው ዝናብ ፈጥኖ ይደርሳችኋል።

ደረጃ 7፦ የወንዝና የሐይቅ ትንበያ

ግሎፋስ የሚባል የአውሮፓውያን ዓለም አቀፍ የጎርፍ ትንበያ በነፃ የሚታይ አለ። ወንዙ ከተለመደው ምን ያህል እንደሚያልፍ እስከ 30 ቀን ድረስ ያሳያል። የሚጠቀመው «የምልሰት ዘመን» የሚባል መለኪያ ነው፤ የ2፣ የ5፣ የ20 ዓመት ጎርፍ እያለ። የ20 ዓመት ጎርፍ ማለት በየትኛውም ዓመት 5 በመቶ ዕድል ያለው ነው። አምና መጣ ማለት 20 ዓመት ዐረፍን ማለት አይደለም። 20 ዓመት ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ የሚያገኘው ዕድል 64 በመቶ ነው።

ግሎፋስ የሚያስበው በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ካሬ ስለሆነ ለአባይ ለራሱና ለግልገል አባይ ይረዳል፤ ለጨሞጋ፣ ለላህና ለስም የለሽ ጅረቶች ግን ደካማ ነው። በእነዚህ ላይ ካርታው የአደጋ ቀለም አለማሳየቱ «ምንም አደጋ የለም» ተብሎ እንዳይነበብ።

ጣና ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እንላለን፤ ለዝናቡ እውነትነት አለው። ሐይቁ ግን ከየአቅጣጫው የሚገቡትን ወንዞች ውሃ እያጠራቀመ ከዝናቡ በኋላም ከፍ ማለቱን ይቀጥላል፤ ብዙ ጊዜ ጫፉ የሚደርሰው መስከረም ውስጥ ነው። ሰማዩ ጠርቶ አደይ አበባ ሲፈነዳ ሐይቁ ማሳችሁ ድረስ ሊመጣ ይችላል። የሐይቁ ዳር ነዋሪ የሆናችሁ የዝናብ ትንበያን ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ ወደ ጎን አድርጉና የሐይቁን ከፍታ በየቀኑ በምልክት እንጨት ተከተሉ፤ በቀን ስንት ሴንቲ ሜትር እንደጨመረ ከያዛችሁ የሚመጣውን ሳምንት በቅርብ ትገምቱታላችሁ።

ደረጃ 8፦ ከመቼ ጀምሮ እንነሳ?

ብዙ ሰው «ዕድሉ 20 በመቶ ብቻ ነው» ብሎ ይተወዋል። መጠየቅ ያለበት ግን መዘጋጀቱ ስንት ያስወጣኛል፣ ካልተዘጋጀሁስ ስንት ያስከፍለኛል ነው። ወንዝ ዳር የተተከለ የውሃ ፓምፕ አለ እንበል። አንስቶ ወደ ደጋው ለማድረስ የጉልበት ዋጋ 1,000 ብር፣ ውሃ ቢወስደው ኪሳራው 40,000 ብር ይሁን። 1,000 ለ40,000 ሲካፈል 2.5 በመቶ ነው። የጎርፉ ዕድል ከ2.5 በመቶ በላይ በሆነ ቀን ሁሉ ማንሳቱ ያዋጣል። ከ51ዱ ስሌቶች 6ቱ ብቻ ከባድ ዝናብ ቢሉ እንኳ 12 በመቶ ገደማ ነው፤ ተነሱ።

ለዩሪያ ሲሆን ሚዛኑ ሌላ ነው። ሁለት ቀን ማቆየት ብዙም አይጎዳም፤ በተበተነ ማግሥት 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል ግን ማዳበሪያው ወንዝ ይገባል። ስለዚህ የከባድ ዝናብ ዕድል 30 በመቶ ባለበት ቀን እኔ ዩሪያ አልበትንም። ወንዝ መሻገር ላይ ግን ሒሳብ የለም። የሚጠፋው ሰው ነው።

ደረጃ 9፦ የመጨረሻዎቹ ሰዓታት

ዝናቡ ይጥላል ለተባለበት ጊዜ ከ6 ሰዓት በታች ሲቀር ሞዴሉን ተዉት። የሳተላይት ምስል ክፈቱ፤ አፍሪካን የሚያዩት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ10 እና በየ15 ደቂቃው አዲስ ምስል ይሰጣሉ። ራስጌያችሁ ላይ ነጭ የጠበበ ደመና በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሲሰፋና ሲደምቅ ካያችሁ ከባድ ዝናብ እየተሠራ ነው።

የኢንተርኔት መረብ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ልክ በዚያች ሰዓት ስለሆነ ከሳተላይቱ የሚበልጥ አንድ ነገር አዘጋጁ፦ ራስጌ ያለ ሰው ስልክ ቁጥር። አጎት፣ የክርስትና ልጅ፣ የማኅበር ወንድም፣ ማንም ይሁን። «አያ፣ ዛሬ እንዴት ነው ወደዚያ?» የምትል አንዲት ጥያቄ፣ «ኧረ እንደ ጉድ እየወረደ ነው» የምትል አንዲት መልስ ከየትኛውም አፕ ትበልጣለች። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ ውሃው የመጣው ከበላይ ካለው ደጋ ነበር፤ ሰው ተኝቶ ነበር። ከራስጌ የምትመጣ አንዲት ጥሪ እስከሌሊቱም ትሠራለች፤ ስልካችሁን ድምፁን አትዝጉ።

ወንዙ ዳር ከሆናችሁ ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ቀለሙ መለወጡ፣ ገለባና እንጨት መምጣቱ፣ ትኩስ የአፈር ሽታ፣ ከሩቅ የሚሰማ እንደ መኪና ያለ ጉርምርምታ። አንዱን እንኳ ካያችሁ ወደ ከፍታ ውጡ። በፍጥነት የሚፈስ 15 ሴንቲ ሜትር ውሃ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ያንሳፍፋል። አሽከርካሪዎች ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከፊታችሁ የሄደው አይሱዙ ማለፉ እናንተ ታልፋላችሁ ማለት አይደለም።

ለመብረቁ፦ ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪመጣ ቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 በታች ከቆጠራችሁ ከዛፍ ሥር ውጡና ቤት ግቡ።

ዝናቡ ካቆመም በኋላ ገደላማ ቦታ ላይ ቶሎ አትመለሱ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ላይ የመጀመሪያው ናዳ የወሰዳቸውን ለማውጣት የተሰበሰቡትን ሁለተኛው ናዳ ነው የበላቸው። በአባይ በረሃ መንገድ የምታልፉ አሽከርካሪዎችም ከሌሊት ዝናብ በኋላ ጠዋት ላይ ቀስ በሉ፤ ከላይ ትናንሽ ጠጠር እየተንከባለለ ከሆነ መኪናውን ከሥሩ አታቁሙ።

ደረጃ 10፦ ትንበያውን ራሱን መፈተን

«የትንበያ ሰዎች ይዋሻሉ» እና «አፑ ልክ ነው» የሚሉት ሁለቱም ደብተር ያልያዙ ሰዎች ናቸው። በደብተራችሁ ላይ አራት ዓምድ አስምሩ፦ ብሎ ሆነ፣ ብሎ ቀረ፣ ሳይል ሆነ፣ ሳይል ቀረ። ትናንት ማታ አፑ ለዛሬ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ብሎ ነበር? ሃይላንዱስ ስንት አለ? በአንዱ ዓምድ ጭረት አድርጉ።

ከ30 ቀን በኋላ እንዲህ ሆነ እንበል፦ ብሎ ሆነ 6፣ ብሎ ቀረ 4፣ ሳይል ሆነ 3፣ ሳይል ቀረ 17። ከ30 በ23ቱ ልክ ነው፤ 77 በመቶ። ጥሩ ይመስላል። ግን በየቀኑ «ከባድ ዝናብ የለም» ብሎ የሚተኛ ሰውም 21 ቀን፣ ማለትም 70 በመቶ ልክ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠይቁ፦ ከባድ ዝናብ ከጣለባቸው 9 ቀናት ስንቱን አስቀድሞ አለ? 6ቱን። «ይጥላል» ካለባቸው 10 ቀናት ስንቱ ባዶ ቀረ? 4ቱ። ለጎርፍ ዋናው ቁጥር «ሳይል ሆነ» የሚለው ነው። ያ 3 ወደ 5 ካደገ ያ አፕ ለአካባቢያችሁ አይሆንም፤ ሌላ ሞዴል ሞክሩ። ሁለት ሞዴል በአንድ ክረምት ጎን ለጎን ከፈተናችሁ ለቀጣዩ ዓመት የትኛውን እንደምታስቀድሙ ታውቃላችሁ።

በመቶኛውንም መፈተን ይቻላል። አፑ 70 በመቶ ያለባቸውን ቀናት ብቻ ሰብስቡ፤ ከ20ው በ14ቱ አካባቢ ከዘነበ ቃሉን ጠብቋል። በ20ውም ከዘነበ ደግሞ እያሳነሰ ነው፤ ከዚህ በኋላ 70 ሲል እናንተ ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

የእኔ ደብተር አንድ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሐምሌ 22። ትንበያ ለጮቄ 25፣ ዕድል 60 በመቶ። የእኛ ሃይላንድ 9። የ10 ቀን ድምር 138። ጮቄ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ጠቆረ፤ ስልክ ደወልኩ፣ በኃይል ይዘንባል አሉኝ። ወንዙ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሞላ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ጎደለ። ማንም አልተሻገረም።»